ቅጠል የሚችለውና የማይችለው፦ በአሶሳ ዙሪያ ለጥገት ላም የባህል መድኃኒት አሰጣጥ

በአሶሳ ዙሪያ፣ በባምባሲም ሆነ በሆሞሻ፣ ላም ስትታመም መጀመሪያ የሚታሰበው ጓሮ ነው። ግራዋው ከአጥሩ ሥር፣ ነጭ ሽንኩርቱ ከጓዳ፣ ተልባው ከጎታ ይገኛል። ሐኪሙ ያለው ወረዳ ከተማ ነው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ መንገዱ ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ ለከብት ቅጠል መስጠት የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ብዙ ጊዜ ሌሊቱን የሚያሻግረው እሱ ብቻ ነው። በዚህ መመሪያ አጥብቄ የምናገረው ግን ቅጠል የሚችለውን በሽታ ከማይችለው መለየት ከማንኛውም ቅመማ እንደሚቀድም ነው። ሆዷ ለተነፋ፣ አልቅት ለያዛት፣ ጡቷ ለተሰነጠቀ ላም ቤት ያለው ነገር የሚበቃበት ጊዜ ብዙ ነው። ገንዲ የሚባለውን የደም በሽታ ግን በእርግጠኝነት የሚያድን ቅጠል የለም። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ደግሞ አርቢ ከሁሉ በላይ የሚፈራው ገንዲን ነው።

ከቅጠሉ በፊት ላሟን ይመርምሩ

ላሟን ከመያዝዎ በፊት ራቅ ብለው ጥቂት ደቂቃ ይመልከቷት። ከመንጋው ተለይታ ቆማለች? ታመነዥካለች? ፀጉሯ ቆሟል ወይስ ተኝቷል? እበቷ ቀጥኗል፣ ደርቋል ወይስ ደም አለበት? ያመነዠከች ላም ብዙ ጊዜ ተስፋ አላት። ከጠዋት እስከ ማታ ካላመነዠከች ጉዳዩ ቀላል አይደለም።

ቀጥሎ ቀረብ ይበሉ። በአውራ ጣትዎ የታችኛውን የዓይን ቆብ ዝቅ አድርገው የውስጡን ሥጋ በቀን ብርሃን ይዩት። የጤነኛ ላም ሮዝ ነው፤ ደም ያነሳት ላም ደግሞ ነጣ ያለ፣ አንዳንዴም እንደ ወረቀት የነጣ ይሆናል። ከትከሻዋ ፊት ለፊት ባለው ቆዳ ሥር እጅዎን ሲያንሸራትቱ ያበጠ ንፍፊት ካገኙ ልብ ይበሉ። ከዚያ ወደ ግራ ጎኗ ዞረው ከመጨረሻው የጎድን አጥንትና ከዳሌዋ መካከል ባለው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ጡጫዎን ተጭነው ይቆዩ። ጤነኛ ጨጓራ በደቂቃ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ እጅዎን ገፋ ያደርጋል። ምንም ካልገፋ ሆዷ ቆሟል ማለት ነው።

አንድ ቴርሞሜትር ቢገዙ ከብዙ ቅጠል ይጠቅምዎታል። ጫፉን ቅቤ ቀብተው በፊንጢጣዋ አስገብተው የግድግዳውን ጎን እንዲነካ ትንሽ ያዘንብሉት። የላም ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ከጥቂት ነው። 40 ካለፈ ትኩሳት ነው፤ ትኩሳት ደግሞ ብዙ ጊዜ የበሽታ ተሕዋስ ምልክት ነው። ትኩሳት ላላት ላም ቅጠል ጨምቆ መቀመጥ ጊዜ ማጥፋት ነው ብዬ አምናለሁ። በመጨረሻ ግቷን በሁለት እጅዎ ይዳብሱ፣ ከእያንዳንዱ ጡት ሁለት ጠብታ በጥቁር ሰሃን ላይ አልበው ይዩ። ጓል፣ ውሃ መሰል ነገር ወይም ደም ካዩ ያንን ወተት ከሌላው ጋር አይቀላቅሉ።

ቅጠል የማይነካቸው

ላሟ ከሳምንት ሳምንት እየከሳች፣ ዓይኗ ውስጡ እየነጣ፣ ንፍፊቷ አብጦ፣ ወተቷ እየደረቀ ከሄደ፣ በተለይም ከዳቡስ፣ ከአባይ ወይም ከበለስ ወንዝ ዳር ባለ ጫካ የምትሰማራ ከሆነ፣ ገንዲን ያስቡ። ገንዲን የሚያመጣው በደም ውስጥ የሚኖር ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ ከላም ወደ ላም የሚያሻግረው ደግሞ በዋናነት የገንዲ ዝንብ ነው። መለየት የሚቻለው በደም ምርመራ ነው፤ ለዚህም አሶሳ ከተማ ያለው የክልሉ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ። መድኃኒቱ ዲሚናዚን ወይም አይሶሜታሚዲየም ነው። ሁለቱንም ከገበያ ገዝተው በግምት አይውጉ። በመተከል በመንደር ከብት ላይ ለእነዚህ መድኃኒቶች የማይበገር ገንዲ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ ጥናት ተመዝግቧል። መድኃኒቱን ጎደሎ መጠን መስጠት ተሕዋሱን ከመድኃኒቱ ጋር ማለማመድ ነው፤ ጉዳቱም ለጎረቤት መንጋ ይተርፋል።

በገንዲ ላይ ባህሉ የሚረዳው በመከላከል በኩል ነው። ማታ በበረቱ በር ላይ ደረቅ እበት ማጨስ ዝንብና ትንኝ ያርቃል። የገንዲ ዝንብ ጥላ ያለበትን የወንዝ ዳር ስለሚወድ መንጋውን በሙቀት ወራት ወንዝ ዳር ጥላ ውስጥ አያሳርፉ፤ ውሃ አጠጥተው ወዲያው ያውጡት። ዝንቡ ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ ስለሚስበው ባለሙያዎች ወጥመዱን ከዚያ ይሠሩታል። በሰፈርዎ አጠገብ የተተከለ ካለ ልጆች ጨርቁን እንዳይወስዱ ይንገሯቸው።

የሚከተሉት ሲያጋጥሙ ምንም ነገር አይስጡ፤ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ብቻ ይንገሩ። ጤነኛ የነበረች ላም በድንገት ሞታ ከአፏ፣ ከአፍንጫዋ ወይም ከፊንጢጣዋ የማይረጋ ጥቁር ደም ቢወጣ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። ቆዳዋን አይግፈፉ፣ ሥጋዋን አይቅመሱ፣ ውሻም አያስቀርቡ። አየር ያገኘው ተሕዋስ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይኖራል። ወይፈን ወይም ጊደር ጭኗ አብጦ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ከሆነ አባ ጎርባ ሊሆን ይችላል። ለሁለቱም ክትባት አለ፤ ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርታል። አፏና የሰኮናዋ መካከል የቆሰለባት ከብት በሽታዋ አፍተግር ሊሆን ስለሚችል ከመንጋው ይለዩ፣ እሷን አልቦ ወደ ሌላ በረት የሚሄድ ሰውም አይኑር። ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የምትፈልገው ምራቋ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃታት፣ ድምጿ የተለወጠ ላም ናት። ሰው ሁሉ ጉሮሮዋ ውስጥ አጥንት አለ ብሎ እጁን ይሰዳል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ከሆነ ያ እጅ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል።

ቅጠሉን ማወቅና ማዘጋጀት

በክልሉ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ አሉ። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ በሰፈራ የመጡ የወሎ አርሶ አደሮች አሉ፤ ኦሮሞዎችም አሉ። አንድ ተክል በአንድ ቀበሌ ሦስት ስም ሊኖረው ይችላል፤ ግራዋ በኦሮምኛ ኤቢቻ ነው፣ ብሳና በከኒሳ። ስም ብቻ ሰምተው ቅጠል አይቁረጡ። ተክሉን የሚያውቅ ሰው ቆሞ ያሳይዎ፣ ቅጠሉን፣ አበባውንና ሽታውን ይለዩ። ደጋ ላይ ያደጉ ሰዎች የሚያውቁት ኮሶ አሶሳ ዙሪያ አይበቅልም፤ በገበያ የሚሸጠው ደረቁ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ሻጩም አይነግርዎ። ለዚያ ያወጡትን ገንዘብ ለትል መድኃኒት ቢያውሉት ይሻላል።

ሲለቅሙ ከመንገድ ዳር፣ ከፀረ አረም የተረጨ ማሳ ዳር ወይም ከፍሳሽ አጠገብ አይልቀሙ። ሥሩን ነቅሎ ማውጣት ተክሉን ይገድለዋልና ቅጠሉ ከሠራ ሥሩን አይንኩ። ጨምቀው ወዲያው ይስጡት፤ አድሮ የኮመጠጠ ጭማቂ መጠኑ አይታወቅም። መለኪያዎን አንድ አድርገው ይያዙ። የአንድ ሰው እፍኝና የሌላው አንድ አይደለም፤ በአንድ ጣሳ ይለኩ፣ ከጣሳው የሚወጣውንም ሱቅ ላይ አንድ ጊዜ አስመዝነው ያስታውሱት። የአገራችን ላም ከ200 እስከ 250 ኪሎ ትመዝናለች፣ ዲቃላዋ ከዚያ በእጥፍ ልትደርስ ትችላለች፣ ጥጃ ደግሞ ገና ጥቂት ኪሎ ነው። ለላም የታዘዘ ለጥጃ አይሆንም። ላሟ ከዚያ በፊት ቀምሳው የማታውቀው ከሆነ በግማሽ መጠን ጀምረው አንድ ቀን ይጠብቁ።

የአሰጣጡ ጉዳይ ከቅጠሉ ምርጫ ያልተናነሰ ነው። በአገራችን ብዙ ቦታ መድኃኒት በግራ አፍንጫ ይፈስሳል፤ ይህን ልማድ ይተዉት። በአፍንጫ የገባ ፈሳሽ ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ ሳንባ ላይ የወረደ የግራዋ ጭማቂ ወይም ዘይት ላሟን በቀናት ውስጥ ሊገድላት ይችላል። በአፍ ይስጡ። የመስታወት ጠርሙስ ከጥርሷ ጋር ተጋጭቶ ስለሚሰበር የፕላስቲክ ጠርሙስ ይያዙ። ከግራ ጎኗ ቆመው ጭንቅላቷን በክንድዎ ደግፈው ቀና ያድርጉ፤ አፍንጫዋ ግን ከዓይኗ መስመር ከፍ አይበል። የፊት ጥርሷና የመንጋጋ ጥርሷ መካከል ባዶ ድድ አለ፤ የጠርሙሱን አፍ በዚያ በኩል አስገብተው ጥቂት ያፍስሱ፣ ስትውጥ ይጠብቁ፣ እንደገና ጥቂት ያፍስሱ። ምላሷን አይጎትቱ። ካሳለች ጭንቅላቷን ወዲያው ይልቀቁት። ለተኛችና ቀና ለማትል፣ ወይም መዋጥ ለማትችል ላም በአፍ ምንም አይስጡ።

ሆድ ሲነፋ

ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ሣር ሲለመልም፣ ወይም ከብት አጥር ጥሶ የባቄላ ወይም የማሽላ ማሳ ሲገባ፣ ሆድ መነፋት ይበዛል። በግራ ጎኗ ያ ጎድጓዳ ቦታ ሞልቶ ከጀርባዋ መስመር በላይ ይወጣል፣ ሲመቱት እንደ ከበሮ ይጮኻል፣ ላሟ ሆዷን ትረግጣለች፣ ታቃስታለች።

መጀመሪያ ጉሮሮዋን ይመርምሩ። አሶሳ የማንጎ አገር ናት፤ ማንጎ በሚበስልበት ወቅት ላሞች የወደቀውን ከነፍሬው ይውጡታል፣ ፍሬው ጉሮሮ ላይ ሲቆም ጋዝ መውጫ አጥቶ ሆድ ይነፋል። አንገቷ በግራ በኩል ሲዳሰስ እብጠት ካለና ምራቋ ከተዝረበረበ ዘይትም ሆነ ቅጠል አይስጡ፤ ወደ ሳንባ ይገባል። እንዲህ ላለው ሐኪም ያስፈልጋል። ሌላው የሚምታታው ታጭዶ ዳግም ያቆጠቆጠ ማሽላ የበላች ከብት ናት። ለጋ ማሽላ ሳያናይድ የሚባል መርዝ ይዞ ይገኛል፤ ላሟ በደቂቃዎች ውስጥ በኃይል ትተነፍሳለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ትወድቃለች። ምንም ቅጠል አይደርስላትም፤ መከላከያው ማሽላው ሜዳ ላይ እስኪደርቅ ወይም በደንብ እስኪያድግ ድረስ ከብት አለማስገባት ነው።

ጉሮሮዋ ነፃ ከሆነ ፊቷን ወደ ዳገት አድርገው ያቁሟት፤ የፊት እግሯ ከኋላው ከፍ ሲል ጋዙ ወደ ላይ ይወጣል። አንድ ለስላሳ እንጨት በአፏ ውስጥ አግድመው ከቀንዷ ጋር እንደ ልጓም ይሰሩ፤ ስታላምጠው ምራቅ ይወርዳል፣ ምራቅ ደግሞ አረፋ ያበርዳል። ግራ ጎኗን በእጅዎ በደንብ እያሹ በቀስታ ያመላልሷት።

ከዚያ ዘይት። ከሩብ እስከ ግማሽ ሊትር የኑግ ዘይት ለአንድ ትልቅ ላም ይሰጣል። አረፋ የሞላበት ሆድ ውስጥ ዘይት አረፋውን ሰብሮ ጋዙ እንዲገሳ ያደርጋል፤ ይህ የዓለም የእንስሳት ሐኪሞችም የሚያደርጉት ነው። የኑግ ዘይት ከሌለ ሌላ የምግብ ዘይት ይሆናል፤ የሞተር ዘይት ግን አይሆንም። ትንሽ የተቀጠቀጠ ዝንጅብል ከዘይቱ ጋር የሚቀላቅሉ አሉ፤ አይጎዳም፣ ሥራውን የሚሠራው ግን ዘይቱ ነው። ጤና አዳም የሚያጠጡም አሉ፤ ለእርጉዝ ላም አደገኛ ስለሆነ አልመክርም፤ በብዛት ከተሰጠ ያስወርዳል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልተሻላት፣ ወይም ምላሷን አውጥታ መተንፈስ ካቃታት፣ ሆዷን በቢላ ለመውጋት አይሞክሩ፤ ወደ ሐኪም ይደውሉ።

ስለ ሽንኩርት አንድ ነገር ልጨምር። ነጭ ሽንኩርት በጥቂቱ ከጥቂት ቀን ላልበለጠ ጊዜ ቢሰጥ ችግሩ ትንሽ ነው። ቀይ ሽንኩርት ግን በብዛት ከተሰጠ የከብትን ቀይ የደም ሕዋስ ይፈጃል፤ ላም ደግሞ ከበግና ከፍየል ይልቅ ይህን አትችልም። በገንዲ ደሟ ላነሰ ላም ለብርታት ተብሎ በየቀኑ ሽንኩርት ሲያጠጡ የተረፈውን ደም እያሳነሱባት ነው።

አልቅት

በበጋ ኩሬና ምንጭ ሲጎድል አልቅት ከውሃ ጋር ወደ አፍና አፍንጫ ይገባል። ምልክቱ ከአንዱ አፍንጫ ቀይ ደም መንጠባጠብ፣ ጭንቅላት ማርገፍገፍ፣ አንዳንዴም ማሳል ነው። ትምባሆ ቀጥቅጦ በውሃ በአፍንጫ ማፍሰስ የተለመደ ነው። አልቅቱን ያስለቅቃል፣ ነገር ግን ትምባሆ ለላም መርዝ ነው፣ መጠኑ ትንሽ ካለፈ ትንቀጠቀጣለች፣ ልትሞትም ትችላለች። ጨው ከሱ ይሻላል። ላሟን ከጠዋት እስከ ቀትር ውሃ ከልክለው በጥላ ይሰሯት። ከዚያ ንጹሕ ውሃ በባልዲ አቅርበው አፍንጫዋን ዝቅ ስታደርግ አልቅቱ ወደ ውሃው ይዘረጋል። በጨርቅ ወይም በአመድ በተለወሰ ጣት ጠበቅ አድርገው ይያዙት፣ ጎትተው ሳይበጥሱ ጨው ያስነኩት፣ ሲለቅ ያውጡት። አንድ ሰው ጭንቅላቷን በደንብ መያዝ አለበት። ልጅ ይህን አይሥራ።

መዥገር፣ ጡትና ቁስል

መዥገር በግት ላይ ሲሰፍር ጉዳቱ ደም መምጠጥ ብቻ አይደለም። በምዕራቡ አካባቢ የሚገኘው ረጅም አፍ ያለው መዥገር ጡቱን ቆርጥሞ ስለሚይዝ ቁስሉ ሲያመረቅዝ ጡቱ ሊደፈን ይችላል። ስለዚህ ከማለብዎ በኋላ በየቀኑ በእጅ መልቀም የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። ከቆዳው አጠገብ ይዘው ሳያጣምሙ ይሳቡት፣ በጣትዎ አያፍርጡት፣ እሳት ውስጥ ይጨምሩት። ዶሮ ባለበት በረት የመዥገር ቁጥር ይቀንሳል።

የብርብራ ፍሬ ሲፈጭና በውሃ አድሮ ሲጣራ መዥገርና ቅማልን ይነካል። ብርብራ የኢትዮጵያ ብቻ የሆነ ዛፍ ሲሆን ፍሬውን ሰዎች ዓሣ ለመግደል ይጠቀሙበታል፤ እዚህ ላይ አደጋውም ይታያል። ጓንት ወይም ፌስታል እጅዎ ላይ አድርገው በጨርቅ ጆሮዋን፣ አንገቷን፣ ጅራቷ ሥር ይጥረጉ። ግቷን አይንኩ። ትርፉን ጉድጓድ ቆፍረው ይቅበሩት፤ ወንዝ ውስጥ አይድፉት፤ ዓሣው ያልቃል። የቁልቋል ወተትና የብሳና ፈሳሽ ዓይንን ስለሚጎዱና ቆዳን ስለሚያቃጥሉ ለመዥገር አይጠቀሙ። የጥጃ ጭርት ላይ የብሳና ለጋ ቅጠል መቀባት በብዙ ቦታ አለ፤ ጭርት ግን በጥቂት ወራት ራሱ ይድናል፣ ወደ ልጆች ቆዳም ይተላለፋልና መለየቱና እጅ መታጠቡ ከመቀባቱ ይበልጣል።

ለተሰነጠቀ ጡት ለጋ ቅቤ ያለ ጨው ይቀቡ። የእሬት ቅጠል ሲቆርጡ መጀመሪያ የሚንጠባጠበው ቢጫ ፈሳሽ መራራና ሆድ አስቀማጭ ስለሆነ ሙሉ ለሙሉ እስኪወርድ ዘቅዝቀው ያቁሙት። ከዚያ ቅርፊቱን ገፍፈው የውስጡን ግልጽ ዝልግልግ ከታለበች በኋላ ይቀቡ። ለሌላ ቁስል ውሃ አፍልተው በአንድ ሊትር ሁለት ያህል የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምረው ሲቀዘቅዝ ይጠቡ፤ ከዚያ ንጹሕ ማር። ማር ጀርምን እንደሚያዳክም በጥናት የተደገፈ ነው፤ ይህ ክልል ደግሞ ማር አያጣም።

ግት ሲያብጥና ሲያተኩስ ወደ ጡቱ ቀዳዳ የሣር ጫፍ፣ ስንደዶ ወይም ጭማቂ ማስገባት ጡቱን ያበላሻል። በሞቀ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ያሙቁት፣ በቀን ደጋግመው ሙልጭ አድርገው አልበው ይድፉት፣ የታመመችውን ከሌሎቹ ኋላ ይለቡ፣ እጅዎን ይታጠቡ። የወተት ማለቢያውን በወይራ ወይም በጥንጁት ማጠን ሽታውን ያሳምረዋል፣ ጀርሙንም ይቀንሳል፤ ይህን ልማድ ማንም አያስጥልዎ።

እንግዴ ልጅ ሲቀር

እንግዴ ልጁ በወለደች በ12 ሰዓት ውስጥ ካልወጣ ይጠንቀቁ፤ ቀን ከሞላ ሐኪም ይጥሩ። ድንጋይ ወይም ጫማ አስሮ ማንጠልጠል ማህፀኗን ይገለብጣል ወይም ይቀድዳል። ጥጃው ቶሎ ቶሎ ይጥባ፣ ሲጠባ ማህፀኗ ይኮማተራልና። የተቀቀለ ተልባ ለብ ብሎ ቢሰጣት ያጠግባታል፣ ሆዷንም ያለሰልሳል፤ እንግዴ ልጁን ያወጣል ብዬ ግን አልነግርዎም። ጠረን ካመጣና ትኩሳት ከያዛት ይህ የሐኪም ሥራ ነው። በባዶ እጅ እንግዴ ልጅ አይንኩ። ውርጃና የእንግዴ ልጅ መቅረት ወደ ሰው ከሚተላለፍ ከብሩሴሎሲስ ጋር ሊያያዙ ይችላሉ፤ የዚህች ላም ወተትም ሳይፈላ አይጠጣ።

ትል

ግራዋ እዚህ ላይ ቦታ አለው። በታንዛኒያ ማሃሌ ተራሮች የታመሙ ቺምፓንዚዎች የግራዋን ውስጠኛ ግንድ እየላጡ ሲያኝኩ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ማብቂያ ተመራማሪዎች መዝግበዋል፤ ተክሉም በአፍሪካ ሰፊ ቦታ ለሆድ ትል ይሰጣል። በብዙ ቤት የሚደረገው ሁለት እፍኝ ትኩስ ቅጠል ተቀጥቅጦ በአንድ ሊትር ውሃ ተለውሶ ተጣርቶ ጠዋት በባዶ ሆድ ማጠጣት ነው። ለጥጃ ሩቡን። ትሉን ያሳንሳል እንጂ እንደ አልቤንዳዞል አያጠራም። ጥጃው አፉ ሥር ካበጠ፣ ፀጉሩ ከቆመና ከቀጠነ፣ መድኃኒቱን ከፋርማሲ ያምጡ። አልቤንዳዞልን በእርግዝና መጀመሪያ ላይ ላለች ላም ከመስጠትዎ በፊት ሐኪም ይጠይቁ።

የጉበት ትል የሚመጣው ከረግረግ ቀንድ አውጣ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ሲያጥቡበት ከነበረው ወንዝ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይቶ ነበር እንዶድ ቀንድ አውጣን ስለመግደሉ ምርምሩን የጀመረው። እንዶድ ቀንድ አውጣ ይገድላል ማለት ግን ለላም ይጠጣል ማለት አይደለም፤ ሲዋጥ መርዝ ነው። ረግረጉን ማጠርና ከብቱን ከገንዳ ማጠጣት የተሻለ ነው። ከዚህ ጋር የጉሎ ፍሬ፣ አስታንግርና የወፍ ቆሎ ለከብት በአፍ አይሰጡም፤ ከበረት አጠገብም ይንቀሏቸው።

ወተቱ

ላሟ በአፏ ማንኛውንም መራራ ወይም ጠንካራ መድኃኒት ከወሰደች፣ ወይም ብርብራ ወይም ትምባሆ ከተቀባች፣ ወተቱን ቢያንስ ሦስት ቀን ለሰው አይስጡ። የቅጠል መድኃኒት በወተት ምን ያህል ቀን እንደሚቆይ የተጻፈ መጠን ስለሌለ ይህን ሳላስጠነቅቅ ልተወው አልችልም። ወተትን ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ የቅጠል መርዝ ግን አያወጣም። ጥጃውም ያንኑ ወተት የሚጠባ ስለሆነ ጠንካራ መድኃኒት በተሰጠ ጊዜ ከሌላ ላም ያጥቡት። የፋብሪካ መድኃኒት ከሆነ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የወተት መታገጃ ቀን ያንብቡ፣ ማንበብ ካልቻሉ ሐኪሙን ይጠይቁ። ነጭ ሽንኩርት ወይም ዝንጅብል ሲሰጡ ከማለብ በኋላ ይስጡ፤ ከማለብ በፊት ከሰጡ ወተቱ ሽታውን ይይዛል።

አዋቂዎቹና ሐኪሙ

በብዙ ቤት የመድኃኒት እውቀት የሚወርሰው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ሲነገር ኃይሉ ይጠፋል ይባላል። አዋቂው ሳያስተምር ሲሞት ግን እውቀቱም አብሮ ይቀበራል። የማኅበረሰብ እውቀት ባለቤትነት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የተጠበቀ ነው፤ አንድ ሰው ቅጠል ሊወስድ ወይም ሊመዘግብ ቢመጣ ፈቃድዎንና የጥቅሙን ድርሻ መጠየቅ መብትዎ ነው። አሶሳ ውስጥ ያለው የብዝሃ ሕይወት ማዕከል በዚህ ጉዳይ የሚጠየቅ ቤት ነው።

ለሐኪሙ ሲሄዱ የሰጡትን አይደብቁ። ምን ቅጠል፣ ስንት ጣሳ፣ መቼ እንደሰጡ ይንገሩት፤ ቅጠሉን ራሱን ይዘው ይሂዱ። ብዙ አርቢዎች ሐኪሙ ይወቅሰኛል ብለው ይደብቃሉ፤ እሱም የቅጠሉን ጉዳት በሽታ አድርጎ ሊያክመው ይችላል። ሐኪሞችም ቅጠል ሰጥቶ የመጣን ሰው አታሳፍሩት፤ ካላሳፈራችሁት በሚቀጥለው ጊዜ ቶሎ ይመጣል። ላሟ ከሳምንት በላይ እየከሳች ከሆነ ግን ቅጠሉን አቁመው ደሟን ያስመርምሩ።